ያልተቀመጡበት ሱፍ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ ጋሽ ቀናውን በስማቸው የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው፤ በመኪናቸው ግን የማያውቃቸው የለም። "የሚሌቼንቶው ሰውዬ" ነው የሚሏቸው። ባቡሩ ደህና በነበረበት ዘመን አቃቂ ጣቢያ ትኬት ይቆርጡ ነበር። መኪናዋን የገዙት ያኔ፣ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ግሪካዊ ነው። ሚሌቼንቶ የሚሏት አሮጌ ፊያት ናት፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ውሃ ሰማያዊ፣ ሁለት ክብ መብራቶቿ ዓይኗን ያፈጠጠች ሴት የሚያስመስሏት። እኔና ባለቤቴ ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ተከራይተን ስንገባ ልጄ ሉላ ገና አልተወለደችም፤ መኪናዋ ግን ያኔም ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሸራዋን ለብሳ ቆማ ነበር።

ጋሽ ቀናው መሸፈን ይወዳሉ። የሳሎኑ ሶፋ ተገዝቶ ከመጣበት ላስቲክ አልወጣም፤ በሙቀት ጊዜ እንግዳ ሲነሳ ላስቲኩ ከቀሚሱ ጋር ተጣብቆ ይንጣጣል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። አዲሱ ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው ደግሞ ጆንያ ውስጥ ነው። በራችን ላይ ሱቅ ያላት ዙለይኻ፣ ምላሷ የማያርፍ የስልጤ ልጅ፣ አንድ ቀን ጋሽ ቀናው ለመኪናዋ ሁለተኛ ሸራ ገዝተው ሲገቡ አይታ፣

"ጋሼ፣ ትንሽ ቆይተው እትዬ ዲንቄንም ሸራ ያለብሷቸዋል!" ብላ ጮኸችባቸው።

ሚስታቸው እትዬ ዲንቄ ከውስጥ ሆነው፣ "ልኬን ወስዶ ጨርሷል!" አሏት።

እትዬ ዲንቄ ወጣትነታቸውን የጨረሱት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከማሽን የሚወጣውን ጨርቅ በጣታቸው እየዳበሱ ደህናውን እንከን ካለበት የሚለዩ ሠራተኛ ነበሩ። መኪናዋ ግቢ የገባች ዕለት በሩን ከፍተው መጀመሪያ የነኩት ወንበሯን ነው። ግሪኩ በንጽሕና የያዘው፣ ከተሠራች ጀምሮ የነበረ የበግ ሱፍ ጨርቅ ነበር።

"የጠቦት ጆሮ መሰለኝ" ብለው ነግረውኛል። "እኛ ጋ እንዲህ ያለ ወጥቶ አያውቅም። እጄን ማንሳት ነው ያቃተኝ።"

ደስታቸው ሳምንት አልቆየም። ጋሽ ቀናው መኪናዋን ሳሪስ ወስደው ወንበሮቿን በሙሉ ወፍራም ፕላስቲክ አሰፉባት። እንዳይነትብ፣ እንዳይቆሽሽ። ከዚያ ወዲህ ሱፉን ያየው ሰው የለም።

እትዬ "ግለጥልኝ" ባሉ ቁጥር መልሱ "ቆይ" ነው። ቆይ፣ ሩት ስትዳር። አንድ ልጃቸው ሩት ስትዳር አጃቢው በዛ ተብሎ ቀረ። ቆይ፣ ጡረታ ስወጣ። ጡረታ ወጡ፤ ያኔ ደግሞ መኪናዋ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ ቤት በቀር መሄጃ አልነበራትም። "ለለቅሶ ነው እንዴ ሱፍ የምንገልጠው?" አሉ። ክፋት አልነበረም። ሚስታቸውን እንዴት እንደሚወዱ ግቢው በሙሉ ያውቃል፤ እትዬን ስኳር ከያዛቸው ጀምሮ መርፌያቸውን ጠዋት ጠዋት የሚወጉላቸው፣ ጫማቸውን ጎንበስ ብለው የሚያስሩላቸው እሳቸው ናቸው። ብቻ ለጥሩ ነገር ጥሩ ቀን አለው ብለው ያምኑ ነበር፤ የመጣው ቀን ሁሉ ደግሞ ትንሽ የጎደለው ይመስላቸዋል።

ባለፈው ነሐሴ የእትዬ እግር ቆሰለ። ጠጠር ይሁን ሚስማር የወጋቸውን እንኳን አላወቁትም፤ እግራቸው መስማት ካቆመ ቆይቷል። ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ሐኪም ቤት ውለው ተመለሱ። ራት ይዤላቸው ስገባ ነገሩን የነገሩኝ እትዬ ናቸው፤ ከጉልበት በታች ይቆረጣል፣ ሰኞ ጠዋት ይግቡ ተብለዋል። ያን ተናግረው ወደ ባላቸው ዞሩ።

"ቀናው፣ ሰኞ በመኪናችን ነው የምሄደው።"

"በምን ልትሄጂ ኖሯል?"

"በፕላስቲኩ ላይ አይደለም። ሱፉ ላይ ነው። ሁለት እግር እያለኝ አንድ ጊዜ እቀመጥበታለሁ። ካልሆነ አልገባም፤ ዶክተሩ ከፈለገ እዚሁ መጥቶ ይቁረጠኝ።"

ጋሽ ቀናው አፋቸውን ከፈቱ። የለመዱት ቃል ሲመጣ አየሁት። መልሰው ዋጡትና፣ "እሺ" አሉ።

ዓርብ ማለዳ ቧንቧው ጋ የሉላን ልብስ ሳጥብ ጋሽ ቀናው ሸራውን ገፈው፣ በሩን ከፍተው፣ የፕላስቲኩን ስፌት በምላጭ መፍታት ጀመሩ። ፕላስቲኩ ሲላጥ የወጣው ሽታ እኔ ድረስ መጣ፤ የታፈነ፣ የከረመ ሽታ። ሄጄ አየሁ። በየክረምቱ ከፕላስቲኩ ሥር የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ እዚያው ሲያልበው ኖሯል። የተባለለት ሱፍ ላይ አመዳም ሻጋታ ተኝቷል፤ ስፌቱ አጠገብ ብል በልቶታል። ቀለሙ ምን እንደነበር እንኳን አይለይም።

"ጋሼ፣ እትዬን ልጥራቸው?" አልኳቸው። "ሱፍ ሲሠሩ የኖሩ እሳቸው አይደሉ?"

"እንዳትነግሪያት! አጥቤ፣ አሳምሬ ነው የማሳያት።"

"ከመጀመሪያው ቢጠይቋቸው ይሻላል።"

"የሉላ እናት፣ ተይኝ። ይሄን ያህል ጊዜ ያስጠበቅኳትን ዕቃ እንዲህ ሆኖ ልታየው ነው?"

ተውኳቸው። እሳቸው ትልቁን ድስት ቡታጋዝ ላይ ጥደው ውሃ አፈሉ። ከዙለይኻ የዱቄት ሳሙና ገዝተው በተኑበት፤ የወለል ብሩሽ ያዙ። ከኋላ ወንበር ጀመሩ። መጀመሪያ ቆሻሻው ሲለቅ፣ ጥቁር ውሃ ሲወርድ ደስ አላቸው፤ እያፏጩ ነበር የሚፈትጉት። ከዚያ ፉጨቱ ቆመ። ሱፉ እጃቸው ላይ እየጠጠረ፣ እየተሰበሰበ መጣ። ከወንበሩ ጠርዝ የያዙትን ሚስማሮች እየነቀለ ወደ መሃል ሸሸ፤ ሥሩ ያለው ጭድና ሞላ ብቅ አለ። ጋሽ ቀናው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቦታው ሊጎትቱት ሞከሩ። አልመጣም።

ይሄኔ ከቤት ውስጥ የእትዬ ድምፅ ተሰማ።

"ማነው እዚያ ሱፍ የሚቀቅለው?"

ጋሽ ቀናው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አዩኝ።

"የሉላ እናት! ይሄን ሽታ እኔ አጣዋለሁ? ፋብሪካው ስንቴ ሸቶናል። ማነው የሚቀቅለው? ቀናው ነው አይደል?"

ጋሽ ቀናው ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጡ። "አውጪያት" አሉኝ።

በወንበር ተሸክመን አወጣናቸው፤ ዙለይኻም ሱቋን ትታ መጥታ አገዘችን። ጥላው ሥር አስቀመጥናቸው። እትዬ የኋላውን ወንበር አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም።

"የፈላ ውሃ። አንተ ሰውዬ፣ በግ በፈላ ውሃ ሲታጠብ አይተህ ታውቃለህ?"

"በግ ሲታጠብም አይቼ አላውቅ።"

"ዝናብ እኮ ነው የሚያጥበው! ቀዝቃዛ ዝናብ። ለምን አልጠየቅከኝም?"

"አምሮበት እንድታዪው ብዬ።"

"እኔ እንዲያምርልኝ አይደለም የፈለግኩት። ልቀመጥበት ነው።"

ዙለይኻ ነገሩ መክበዱን አይታ፣ "እትዬ፣ የኋላው ሄዷል፤ ለኔ ፍየል መኝታ ይሁን። የፊተኛው አለ አይደል? ምን ላምጣ?" አለች።

እትዬ ፊታቸው በአንዴ ሌላ ሆነ። ፈረቃ የሚመሩ አለቃ መሰሉ። መጀመሪያ በደረቁ ነው አሉ፤ ሻጋታውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ወደ ውጭ ጠረግን፣ ቀጥሎ በእጃችን መዳፍ እየመታን አቧራውን አስወጣን። የልብስ ሳሙና በቢላ ፍቄ በሳፋ እንድመታው አዘዙኝ።

"ውሃው እንዴት ይሁን እትዬ?"

"ሉላን በምታጥቢበት ውሃ። በክርንሽ ለኪው፤ ሕፃን የማያስለቅስ ውሃ ሱፍ አያስቆጣም።"

አረፋው እንደ እንቁላል ነጭ እስኪቆም መታሁት። ሱፉን የሚነካው አረፋው ብቻ ነው፤ ውሃው ከሥር ወደ ጭዱ ከወረደ አይደርቅም። መዳፍ በምታህል ቦታ አረፋ ማሳረፍ፣ ፀጉሩ በተኛበት በኩል ብቻ መሄድ፣ ወዲያው በተጨመቀ ነጭ ጨርቅ ማንሳት። መፈተግ የለም። ጋሽ ቀናው ተንበርክከው ያሳርፋሉ፤ እኔ አነሳለሁ። ሲቸኩሉ እትዬ ያያሉ።

"ቀስ! ትኬት እየቆረጥክ አይደለም። ባቡሩ ይጠብቅሃል።"

"ባቡሩማ ሄዷል" አሉ ጋሽ ቀናው፣ ቀና ሳይሉ።

መጨረሻ ላይ ዙለይኻ ከሱቋ ያመጣችውን አቼቶ በውሃ ውስጥ ጠብ አድርገን በእርጥብ ጨርቅ አለፍንበት፤ የሳሙናውን ቅሪት ያወጣዋል፣ ሽታውንም ይገድለዋል አሉ። ወደ ማታ ላይ ቀለሙ ወጣ። ግራጫ ነው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ውስጡ ቀጭን ቀይ ክር ይሄድበታል። ፀጉሩ እንደተኛ ነው፣ ከጠርዙ የብል ቀዳዳዎች በቀር አንድ የሳሳ ቦታ የለውም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ቀፋፊ ፕላስቲክ ሥር አለ ብዬ ገምቼ አላውቅም።

"አስጠጉኝ" አሉ እትዬ።

ወንበራቸውን ወደ መኪናዋ በር ገፋነው። እጃቸውን ዘርግተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ሱፉን ያዙ፤ ድሮ ፋብሪካ እንደሚይዙት መሆን አለበት። ዳበሱት። ደግመው ዳበሱት። ከዚያ እጃቸውን አነሱና ጣቶቻቸውን አዩ፣ የሌላ ሰው ጣት እንደሚያዩ ዓይነት።

"እንዴት ነው?" አሉ ጋሽ ቀናው። ጉልበታቸው ላይ አረፋ አለ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

"ደህና ነው።"

"የጠቦት ጆሮ አይመስልም?"

እትዬ ጣቶቻቸውን እርስ በርስ አሻሹ። ጋሽ ቀናው ዓይናቸውን ከሱፉ ወደ ጣቶቹ፣ ከጣቶቹ ወደ ሚስታቸው ፊት መለሱ። ገባቸው።

"እጅሽም?"

"እጄም።"

"መቼ ነው?"

"ከርሟል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ዲንቄ?"

"ቆይ፣ እነግረዋለሁ እያልኩ" አሉ እትዬ።

ጋሽ ቀናው ጨርቁን ጨምቀው የመኪናዋን በር ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ዙለይኻ ሳፋውን አንስታ ውሃውን ልትደፋ ሄደች። እኔ ሉላን ከጀርባዬ አውርጄ የምሠራው ያለ ይመስል ቀሚሷን ማስተካከል ያዝኩ።

ቅዳሜና እሑድ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። ፀሐይ ቢኖርም እትዬ አይፈቅዱም ነበር፤ ሱፍ በጥላና በነፋስ ነው የሚደርቀው፣ እሳትም አይጠጋውም። የመኪናዋን በሮች ከፍተን የዙለይኻን ማራገቢያ ገመድ ቀጥለን አስጠጋንበት። ጋሽ ቀናው በየጊዜው እየሄዱ በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል። እሑድ ማታ "ነገ ይደርሳል" አልኳቸው፤ ተስፋ ማድረግ ልማዴ ነው። አልደረሰም። ሰኞ ጠዋት ላይኛው ደረቅ ይመስላል፣ ጫን ሲሉት ግን እርጥብ ነበር።

እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ተዘጋጅተዋል። ጋሽ ቀናው ከቆርቆሮው ጥግ ያን የተቀደደ ፕላስቲክ አንስተው፣ ጠርገው፣ ይዘውት መጡ።

"ብርድ ይመታሻል ዲንቄ። ለዛሬ ብቻ ላንጥፈው።"

"ለዛሬ ብቻ?" አሉ እትዬ።

ጋሽ ቀናው ፕላስቲኩን እንደያዙ ቆሙ፤ ቆይተው ግድግዳው ሥር ጣሉት። ከዚያ ሚስታቸውን አቅፈው አንስተው ከፊት ወንበሩ ላይ፣ እርጥቡ ሱፍ ላይ፣ አስቀመጧቸው። እኔ ሉላን ለዙለይኻ ትቼ ከኋላ ገባሁ፤ የተቀቀለው ወንበር እንደ ደረቀ ቆዳ ይቆረቁራል።

በሰቃን ስናልፍ እትዬ፣

"ንገረኝ እስቲ ቀናው። ምን ይመስላል?" አሉ።

"ምኑ?"

"ሱፉ ነዋ። አንተም ተቀምጠህበታል፤ የኔ እግርም ጀርባም አይነግረኝም። አንተ ንገረኝ።"

ጋሽ ቀናው መሪውን ጨበጡ። "ጥሩ ነው" አሉ።

"ጥሩማ ፕላስቲኩም ጥሩ ነበር።"

"ይሞቃል… አይሞቅም፣ እርጥብ ነው። ግን… " ከመስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን አየሁት፤ ቃል የሚፈልግ ሰው ፊት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተቀምጠውበት የኖሩት ፕላስቲክ ነው፣ ስለ ሱፍ የሚያውቁት ነገር የለም። "አላውቅበትም ዲንቄ" አሉ መጨረሻ ላይ። "ይቅር በይኝ፣ አላውቅበትም።"

ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ምግብ ይዘው የሚሄዱ ጠያቂዎች መንገዱን ሞልተውት ቆምን። እትዬ ደክሟቸው ነው መሰል ራሳቸውን ወደ ጎን አዘነበሉና ጉንጫቸውን መደገፊያው ላይ አሳረፉ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ከዚያ ጉንጫቸውን ቀስ አድርገው ወደ ላይ፣ መልሰው ወደ ታች አንሸራተቱት።

"እዚህ ጋ አለ" አሉ።

"ምኑ?"

"ለስላሳው። ፊቴ ይሰማዋል።" ዓይናቸውን ጨፍነዋል። "ቀናው፣ ቀስ ብለህ ንዳ።"

መንገዱ ተከፈተ፤ ጋሽ ቀናው ግን በእግር ከሚሄደው ሰው እኩል ነበር የሚነዱት። ከኋላችን ጥሩምባው በዛ። አንድ ሚኒባስ ጎናችን ደርሶ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣

"አባባ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የጫኑት?" አለ።

"አዎ በለው!" አሉ እትዬ፣ ጉንጫቸውን ከሱፉ ሳያነሱ። ጋሽ ቀናው ግን እንባቸው መንገዱን ጋርዶባቸው በእጅጌያቸው እየጠረጉ ነበር።

እግራቸው ተቆረጠ። ቁስሉን ለማሳጠብ ሲመላለሱ በዚያው ወንበር ሄዱ፤ ለመስቀልም ደመራውን ከመኪናዋ ሆነው አዩት። አንዳንድ ከሰዓት በኋላ የትም ሳይሄዱ ግቢው ውስጥ፣ ቆማ ባለችው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሁለቱ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ከዚያ ኩላሊታቸውም ሰነፈ። ለፋሲካ አልደረሱም።

ከአርባቸው በኋላ አንድ ቀን ጋሽ ቀናውን ከመኪናዋ ውስጥ አገኘኋቸው። የተቀመጡት ሾፌሩ ቦታ ነው፤ እጃቸው ባዶው ወንበር ላይ ነበር፣ ፀጉሩ በተኛበት በኩል ይሄዳል።

"ነይ እስቲ እይው፣ የሉላ እናት" አሉኝ። "ምንም አልሆነም። አዲስ ነው።"

ላጽናናቸው ብዬ፣ "አዎ ጋሼ፣ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል" አልኳቸው።

"እሱን እኮ ነው የምልሽ።" እጃቸውን አላነሱም። "ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገዛ ሊጨርሰው ነው የሚገዛው። ምነው ባለቀ። ምነው እሷ እየተቀመጠችበት ነትቦ፣ ተቦጭቆ፣ ምን ይሻለዋል ብለን ተጨንቀን በነበረ።" መዳፋቸውን ሱፉ ላይ ጫን አድርገው፣ "ሰሰትኩባት" አሉ። "ለሷ የሳሳሁ መስሎኝ፣ በሷ ላይ ሰሰትኩ።"

በሩን ከፍቼ፣ የት እንደምቀመጥ አመንትቼ፣ ከኋላው ከሚቆረቁረው ወንበር ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።